መብቱ አለ፤ አገናኙ የት አለ?

ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ የእህቴ ልጅ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። ቡና እንኳ ሳትጠጣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችና፣ «ጋሼ፣ አንተ የሕግ ሰው ነህ፤ ከእነዚህ ውስጥ ማንን መክሰስ እንደምችል ንገረኝ» አለችኝ። የ11 ዓመት ልጇ ሲወለድ አንጎሉ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት መራመድ አይችልም። ንግግሩም ለለመደው ሰው ካልሆነ አይገባም። እሱ ግን የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይረዳል፣ ይስቃል፣ ይቆጣል። ትምህርት ቤት ገብቶ ግን አያውቅም።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ሐኪም ቤቱ የጉዳቱን ዓይነትና መጠን ገልጿል። ወረዳው ነዋሪነቷን አረጋግጧል። ትምህርት ቤቱ ልጁን ለመቀበል ፈቃደኛ መሆኑን፣ ነገር ግን ተደግፎ የሚቀመጥበት ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ መምጣት እንዳለበት ጽፏል። ወንበር የሚሰጠው ድርጅት በበኩሉ ቅድሚያ የሚሰጠው ለተማሪዎች ስለሆነ የምዝገባ ማስረጃ እንድታቀርብ ጠይቋል። ትምህርት ቤቱ ወንበሩን ይጠብቃል፣ ድርጅቱ ምዝገባውን ይጠብቃል፣ ልጁ ደግሞ ቤት ቁጭ ብሎ ሁለቱንም ይጠብቃል። እንዲህ ሆኖ 14 ወራት አልፈዋል።

ተከሳሽ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በራሱ መመሪያ ሲታይ ትክክል ነው። ማንም አልከለከላትም፣ ማንም አልሰደባትም። ሁሉም ትክክል ሆነው ልጁ ግን ከትምህርት ውጭ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ይኸው ነው፦ ሁሉም የየራሱን ሠርቶ ሰው መሀል ላይ ሲወድቅ ተጠያቂው ማን ነው?

ሕጉ ምን ይላል?

በሕግ ደረጃ ድሃ አይደለንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን የመርዳትና የማቋቋም ግዴታ ጥሎበታል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 በአካል ጉዳት ምክንያት የሚደረግን አድልዎ ከልክሏል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል አድርጋዋለች።

የዚህ ስምምነት አንቀጽ 26 ለጉዳያችን ቁልፍ ነው። በጤና፣ በትምህርት፣ በሥራና በማኅበራዊ አገልግሎት የሚሰጠው የተሃድሶ ድጋፍ በተቻለ መጠን ቀደም ብሎ እንዲጀመርና የተለያየ ሙያ ባላቸው ባለሙያዎች የጋራ ምዘና ላይ እንዲመሠረት ይጠይቃል። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው ስለ አንድ ልጅ አብረው ይመክሩ ነው የሚለው። ለመሆኑ እነዚህን ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማን ይጠራቸዋል? ጤናው በጤና ሚኒስቴር፣ ትምህርቱ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ነው። ቀድሞ በአንድ ጣሪያ ሥር የነበሩት ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይም በ2014ቱ የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ተለያይተው፣ ሥራው ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ ማኅበራዊ ጉዳዩ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄደዋል። ክፍፍሉ ለአስተዳደር ያመች ይሆናል። ልጁ ግን ለአራት አይከፈልም።

የአስተባባሪው ሥራ

በሌላው ዓለም ይህን ክፍተት የሚሞላ ሙያ አለ፤ የድጋፍ አስተባባሪ ይሉታል። መድኃኒት አያዝም፣ ወንበር አይሠራም፣ አያስተምርም። ሥራው ሌሎቹ የሚሠሩት ሁሉ አንዱ ከአንዱ ጋር ተያይዞ ሰውየው ዘንድ እንዲደርስ ማድረግ ነው። የሰውየውን ፍላጎት ይሰማል፣ ምን ምን አገልግሎት እንዳለ ያውቃል፣ ቀጠሮ ያስይዛል፣ ደብዳቤ ያጽፋል፣ የተቋረጠውን ይከታተላል፣ የተሰጠው ነገር መሥራት አለመሥራቱን ቤት ድረስ ሄዶ ያያል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በሕግ የተቋቋመው የአውስትራሊያ ብሔራዊ የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ ሥርዓት ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች የሚጠቀሙበት ይህ ሥርዓት በእያንዳንዱ ሰው ስም ዕቅድና በጀት ይይዛል። ለሚያስፈልገውም የድጋፍ አስተባባሪ ክፍያ በዕቅዱ ውስጥ ይካተታል። ችግር ግን አላጣውም። አንዳንዱ አስተባባሪ የአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ ደንበኛውን ወደ ራሱ ቤት ይመራል የሚለው ክርክር ለዓመታት ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የቀረበው የሥርዓቱ ግምገማም በአገልግሎቱ ውስጥ መንገድ የሚመሩ ባለሙያዎች በአዲስ መልክ እንዲደራጁ መክሯል። ገንዘብ ያለው አገር እንኳ ያለ መሪ ሰው እንደሚጠፋበት ከዚህ እንማራለን።

የተሽከርካሪ ወንበርን ነገር እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 አቅማቸው ውስን ለሆኑ አገሮች ባወጣው መመሪያ አንድ ወንበር ለመስጠት ስምንት ደረጃዎችን ዘርዝሯል። ከሪፈራል ጀምሮ ምዘናው፣ ምርጫው፣ ገንዘቡና ትዕዛዙ፣ ዝግጅቱ፣ በልክ ማስተካከሉ፣ ሥልጠናው፣ በመጨረሻም ክትትልና ጥገናው አለ። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ በቴሌቪዥን የምናየው ርክክቡን ብቻ ነው። ፎቶ ተነስቶ እንግዳው ሲሄድ ታሪኩ አብሮ ያበቃል።

«ምን ኖሮ ምኑን ያስተባብራል?»

ይህን ሐሳብ ላነሳሁላቸው ወዳጆቼ የመጀመሪያ መልሳቸው ይህ ነበር። አገልግሎቱ ራሱ በሌለበት አስተባባሪ መቅጠር በሬ ሳይገዙ ቀንበር መጥረብ ነው አሉኝ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ባለሙያው፣ መሣሪያውና በጀቱ ጥቂት መሆኑን ማንም አይክድም።

ነገር ግን ጥቂት ማለት ምንም ማለት አይደለም። ፊዚዮቴራፒ የሚሰጡ ሆስፒታሎች አሉ፣ የሰው ሠራሽ አካል ማዕከላት አሉ፣ የአካል ጉዳተኛ ማኅበራት አሉ። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች ሥራ ላይ የዋለው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም መሥራት ለማይችሉ ድሆች ቀጥተኛ ድጋፍን አካትቷል። የጥቂቱ ነገር ብክነት ከብዙው ብክነት ይከፋል። በእህቴ ልጅ ጉዳይ ትምህርት ቤቱም ወንበሩም ነበሩ፤ የጠፋው በመካከላቸው የሚቆም ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ አስተባባሪው የሌለውን ነገር በስም ቆጥሮ ያሳያል። የ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን ከመቶ ከአንድ እምብዛም ያልበለጡ አድርጎ ነበር ያቀረባቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሪፖርት ለኢትዮጵያ የሰጠው ግምት 17 ነጥብ 6 በመቶ ነው። ልዩነቱ የአጠያየቅና የትርጉም ቢሆንም በዚህን ያህል ርቀት መካከል በጀት መያዝ በጨለማ መተኮስ ነው። ቤት ለቤት የሚሄድ ሰው ያለው ወረዳ ግን ማን ምን እንደጎደለው ያውቃል።

ሦስተኛ፣ መንገዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አሠልጥነን በየቀበሌው ሁለት ሁለት መድበናል። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርትም እ.ኤ.አ. በ1959 ተጀምሮ፣ በደርግ ዘመን ተቋርጦ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተከፍቷል። ሙያው አለ። የጎደለው መደቡና ሥልጣኑ ነው።

ሌላ ማኅተም እንዳይሆን

ሥጋቴን ልደብቅ አልፈልግም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኛ ደግሞ ወረቀት እንወዳለን። ሳንጠነቀቅ ከጀመርነው አስተባባሪው ራሱ አንድ ተጨማሪ ቢሮ፣ አንድ ተጨማሪ ማኅተም ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች በሕግ ሊጻፉ ይገባል።

አንደኛ፣ አስተባባሪው በጽሑፍ ሲጠይቅ መሥሪያ ቤቶች በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ የመመለስ ግዴታ ይኑርባቸው። ይህ ከሌለ አስተባባሪው ደመወዝ የሚከፈለው ለማኝ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የአገልግሎት ሰጪ ተቀጣሪ አይሁን፤ የሚይዘው ሰው ብዛትም ገደብ ይበጅለት። ሦስተኛና ዋናው፣ አስተባባሪ ሞግዚት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለአካል ጉዳተኛ ያሰበው ሌላ ሰው እንዲወስንለት ነበር። ያጸደቅነው ስምምነት አንቀጽ 12 ደግሞ ሰውየው ራሱ እንዲወስን ማገዝ ነው የሚለው። የት ልማር፣ ከማን ጋር ልኑር፣ ምን ልሥራ የሚለው ውሳኔ የባለጉዳዩ ነው። አስተባባሪው መንገዱን ያሳያል እንጂ መድረሻውን አይመርጥም።

ወደ ጀመርኩት ልመለስ። ያን ቀን ክስ አልጻፍኩም። ስልክ አንስቼ ወደ ትምህርት ቤቱ ደወልኩ። ርዕሰ መምህሩ በጥሞና ሰምተው «ወንበሩ እንደተገኘ ትምህርት ይጀምራል» የሚል ሁለት መስመር ደብዳቤ ለመጻፍ ተስማሙ። 14 ወራት የቆየው ነገር በ20 ደቂቃ አለቀ። ልኮራ ይገባኝ ነበር፤ አፈርኩ እንጂ። የተሰማሁት የሕግ ሰው ስለሆንኩና እንዴት እንደሚጠየቅ ስለማውቅ ነው። እሷ ያንኑ ጥያቄ ስንት ጊዜ ደጅ ጠንታ ጠይቃለች። በአገራችን አስተባባሪ የለም ማለት ስሕተት ነው። አለ፤ ስሙ ዘመድ ይባላል። ዘመድ የሌለውስ?

ልጁ ዘንድሮ ትምህርት ጀምሯል። የመጣለት ወንበር ግን ለአዋቂ የተሠራ ነው። እግሩ መርገጫው ላይ አይደርስም፤ እንዳይንሸራተት እናቱ ወገቡን በነጠላ ታስረዋለች። ልኩን የወሰደ ሰው አልነበረም፤ ከተሰጠ በኋላም መጥቶ ያየ የለም። ከስምንቱ ደረጃዎች ስንቱ እንደተዘለለ አንባቢ ይቁጠር። እሷ ፌስታሉን አልጣለችውም፤ አሁን ደግሞ ወንበሩን ማን እንደሚያስተካክልላት እየጠየቀች ነው።