አስፋልቱስ ተሠራ፤ መንገደኛው የማን ነው?

በ2016 ዓ.ም ነሐሴ ላይ አክስቴ ደብረ ማርቆስ አርፋ ተቀበረች። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የመሳፈሪያ አጥቼ አልነበረም። ትኬት ልቆርጥ ስወጣ የአጎቴ ልጅ ደውሎ «ተው ወንድሜ፣ ለዚህ ሳምንት አንድ ሬሳ ይበቃናል፤ እዚያው አልቅስ» አለኝ። እኔም ቀረሁ። 300 ኪሎ ሜትር ነው እንግዲህ! ድሮ ሌሊት 11 ሰዓት ተሳፍረን ምሳችንን ማርቆስ የምንበላበት መንገድ።

መንገዱን የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስታውሰው። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጥቶ የእንጦጦን ጀርባ ይሻገርና በሱሉልታ፣ በጫንጮ፣ በሙከጡሪ አድርጎ ፍቼን በጎን ትቶ፣ ገብረ ጉራቻና ጎሃ ጽዮን ይደርሳል። ከዚያ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። በደጀን ብቅ ይልና ማርቆስን፣ ቡሬን፣ እንጅባራንና ዳንግላን አልፎ ባሕር ዳር ይገባል፤ ጎንደር ይቀጥላል፤ አዘዞ ላይ የሚገነጠለው ደግሞ መተማ ድረስ ሄዶ ሱዳን ያሻግራል። ኦሮሚያና አማራ ክልልን የሚያያይዝ፣ ከዋና ከተማችን ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚዘረጋ የአገር ጅማት ነው። ከአዲስ አበባ ሸማች ሞሰብ ላይ ያለው የጎጃም ጤፍ የመጣው በዚሁ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ለተመረቀው የህዳሴ ግድብ ዕቃ ካመላለሱት መንገዶችም አንዱ ይኸው ነው።

አልተሠራም እንዳልል ተሠርቷል። ሐቁን መናገር አለብኝ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለትና ዳገት የሹፌር ሁሉ ፈተና ነበር። ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ፤ ያንኑ ያህል መልሰህ ትወጣለህ። ልጅ ሆኜ ስሄድበት የማስታውሰው የተቃጠለ ፍሬን ሽታ፣ የቆላው ወበቅ፣ ታኮ ይዞ ከጎማው ኋላ ኋላ የሚሮጠው ረዳት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጸልዩ እናቶች ነው። ታች ስንደርስ በንጉሡ ዘመን የተሠራው አሮጌ ድልድይ ይጠብቀናል። መሣሪያ የያዙ ጠባቂዎች ነበሩት። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው! ካሜራ ያወጣ ሰው የሚገጥመውን እንኳን እሱ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ያውቀዋል።

በ2000 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ከአሮጌው ጎን አዲሱ የህዳሴ ድልድይ ተመረቀ። የጃፓን መንግሥት በእርዳታ ገንዘቡን ሰጠ፤ ካጂማ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሠራው። 303 ሜትር ርዝመት አለው፣ በገመድ የተወጠረ፣ ሲያዩት ያምራል። መንገዱም በጃፓን እርዳታ ደረጃ በደረጃ ታደሰ። የበረሃው ተዳፋት እየተንሸራተተ አስፋልቱን ቢያጎብጠውና ቢሰነጥቀውም ያው መጠገን ነው፤ የማያልቅ ሥራ ነው፣ አያስቀይመኝም። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ በግንቦት 2016 ዓ.ም 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ሌላ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተገኙ፤ ሪባን ተቆረጠ፤ ቴሌቪዥኑ ለቀናት ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ግንቦት አልፎ ሰኔ መጣ። ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች የጫኑ አውቶብሶች በዚሁ መንገድ ላይ ገብረ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። ከመቶ በላይ ሰው! ወላጅ ስልክ እየተደወለለት ገንዘብ አምጣ ተባለ። የኦሮሚያ ክልል መንግሥት ከ167ቱ 160ውን አስለቅቄአለሁ አለ። ልጆቻችን አልመጡም ያሉ ወላጆች ነበሩ። መንግሥት ሸኔ ነው አለ፤ ታጣቂዎቹ እኛ አይደለንም አሉ። ማን እንደሆነ ዘመድ ምን ገዶት! እሱ ልጁን ነው የሚፈልገው። አሊ ዶሮ የሚባለው ስም ራሱ መንገደኛ እንደ ድሮው ሽፍታ ስም ሲጠራበት የሚያማትብበት ሆኗል።

ዓባይን ሲሻገሩ ደግሞ ሌላ ነው። ከ2015 ዓ.ም ሐምሌ ወዲህ በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል በተነሳው ውጊያ መንገዱ ስንት ጊዜ ተዘግቶ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ሹፌሮች ቆጥረው አይጨርሱትም። አንዱ ወገን ኬላ ያቆማል፤ ሌላው «ከነገ ጀምሮ መኪና እንዳይንቀሳቀስ» ብሎ ያውጃል። ሁለቱም ለሕዝቡ ነው ይላሉ። ሕዝቡ ያለው አውቶብሱ ውስጥ ነው እኮ!

እዚህ ላይ ነው የኔ ጥያቄ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን የማልማት፣ የማስተዳደርና የመቆጣጠር ሥልጣን የፌዴራሉ መንግሥት ነው ይላል። አንቀጽ 32 ደግሞ በአገሬ ውስጥ በነጻነት የመዘዋወር መብት ሰጥቶኛል። ታዲያ አስፋልት ሲነጠፍ፣ ድልድይ ሲመረቅ መንገዱ የፌዴራል፤ ሰው ሲታገት ግን የወረዳ ፖሊስ ጉዳይ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? ድልድዩን ከፎቶ ለመጠበቅ ዘብ የተገኘለት አገር ለአንድ አውቶብስ ተሳፋሪ ዘብ አጣ ብሎ ማን ይመን?

ተአምር አልጠየቅሁም። አንደኛ ነገር ይህን መንገድ ከዳር እስከ ዳር በኃላፊነት የሚጠብቅ አንድ የፌዴራል አካል ይሰየም፤ አዛዡም በስሙ ይታወቅ። ዛሬ መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ፣ የት ላይ፣ እስከ መቼ የሚለውን በሬዲዮ ይንገሩን፤ ለአየር ጠባይ የሚሰጠውን ያህል ደቂቃ ይበቃል። አሁን እኮ መንገደኛው መረጃ የሚያገኘው ከሹፌሮች የስልክ ወሬ ነው። እስከ ዛሬ ስንት ሰው እንደታገተ፣ ስንቱ እንደተመለሰ፣ ማን ተይዞ ፍርድ ቤት እንደቀረበም የተወካዮች ምክር ቤት ይጠይቅ። የመንገድ በጀት ሲያጸድቅ እጁን የሚያወጣ ምክር ቤት ይህንንም ሲጠይቅ እጁን ያውጣ። ታጣቂ ነን የሚሉትም ወገኖች ተማሪና ታማሚ፣ ለቀስተኛና ነጋዴ የጫነ አውቶብስ የጦር ሜዳ እንዳልሆነ ይወቁት።

የአጎቴ ልጅ ሰሞኑን ደግሞ ደውሎልኝ ነበር። ጤፍ ሊልክልኝ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አነጋግሮ፣ በዚያው አክስቴ የተወችውን አንዲት ሕፃን ልጅ አሳፍሬ ልላካት ቢለው «እህሉን ልጫንልህ፣ ሰው ግን አልጭንም» አለው። ጤፉ ማክሰኞ ደረሰኝ። ልጅቷ ማርቆስ ናት።