ነባር የእንጨት ቤቶችና የጥገናቸው ዕዳ፦ ከፒያሳ እስከ ዲማ

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ በርካታ ነባር ቤቶች ለልማት ሲፈርሱ የተነሣው የቅርስ ጥያቄ፣ በማደግ ላይ ያሉ የጎጃም ከተሞችንም ይመለከታል።

በጽድና በወይራ ምሰሶ ቆመው በጭቃ የተመረጉ ቤቶች የሚጠፉት ዶዘር ከመድረሱ አስቀድሞ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ማገሩ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይከተላል። «አርጅቷልና ይፍረስ» የሚለው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የዓመታት ቸልታ ውጤት ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ የጥገናው ወጪ ከአቅሙ በላይ ከሆነ መንግሥት በከፊል ሊሸፍንለት እንደሚችልም ይደነግጋል። ችግሩ ያለው «ሊሸፍን ይችላል» ከሚለው ላይ ነው። ግዴታው የባለቤቱ፣ ጥቅሙ ግን የሕዝብ በመሆኑ፣ አቅመ ደካማው ባለቤት ቤቱ በቅርስነት እንዳይመዘገብበት ቢሰጋ አይፈረድበትም።

በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስሟ የገነነው ዲማም ከዚህ ልትማር ይገባል። አዲስ የከተማ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ነባር ቤቶች ይለዩ፤ ከምዝገባው ጋርም የጥገና በጀት ይያዝ። ቤትን የሚያቆመው መዝገብ ሳይሆን በየክረምቱ መግቢያ የሚታደስ ጣሪያ ነው።