መልክን በሸክላ ስለ ማኖር

የሰው ልጅ የሚያልፈውን መልክና ድምፅ ይዞ ለልጅ ልጁ ለማቈየት የደከመው ድካም እጅግ ብዙ ነው። በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ከዚህ ድካም አንዱን፣ ይኸውም የቴሌቪዥንን ሥዕል በሸክላ ለመቅረጽ የተደረገውን የመጀመሪያ ሙከራ ለክቡራን አንባቢዎቻችን እንገልጻለን፤ ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ቢመስልም በዲላና በመላው የጌዴኦ ምድር ላሉት ቤተ ሰቦች የሚጠቅም ምክር አለበትና።

ድምፅ በሸክላ ሲቀረጽ አገራችን ከቀደሙት ጋራ አይታለች። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከ1900 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ ዜማቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል፤ ያም ድምፅ መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ እንደገና ታትሞ ሊሰማ ችሎአል። ይህም የሆነው ሸክላው ስለ ተጠበቀና የሚያሰማው መሣሪያ ስላልጠፋ ነው።

ሥዕልን በዚሁ መንገድ ለማኖር የተነሣው ጆን ሎጊ ቤርድ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ ነበር። የእርሱ መሣሪያ በሚሽከረከር ክብ ሰሌዳ አማካይነት የሰውን ፊት በ30 መስመር እየከፈለ ሥዕል ያወጣ ነበር። የፊቱ ብርሃን ሲጐላና ሲደበዝዝ የኤሌክትሪኩ ኀይል ከፍና ዝቅ ይላል። መስመሮቹ ጥቂት በመሆናቸው ይህ ሞገድ ጆሮ ከሚሰማው ድምፅ ጋራ የሚመጣጠን ሆነ፤ ስለዚህ ድምፅ በሚቀረጽበት መርፌ በሸክላ ላይ ሊቀረጽ ቻለ። ሸክላውን በግራሞፎን የሚያጫውት ሰው ግን ጕርምርምታ ብቻ እንጂ ሌላ የሚሰማው ነገር የለም።

መስከረም 9 ቀን 1920 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1927) የተቀረጸው ሸክላ ስቱኪ ቢል የተባለውን የአሻንጉሊት ራስ የያዘ ነው፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 19 ቀን የተቀረጸው ደግሞ የአንዲት ወይዘሪት ፊት አለበት። ነገር ግን መሣሪያው ስለሚንቀጠቀጥና የመሽከርከሩ ፍጥነት ስለሚለዋወጥ መስመሮቹ ከቦታቸው ተዛቡ። ቤርድም ከሸክላው ለሰው ለማሳየት የሚበቃ ሥዕል መልሶ ማውጣት ስላልሆነለት ሥራውን ተወው።

ሸክላዎቹ ግን ሁሉም አልጠፉም። ከ50 ዓመት በላይ ከቈዩ በኋላ ዶናልድ ማክሊን የተባለ መሐንዲስ ከ1981 (እንደ አውሮፓ) ጀምሮ ሞገዱን በኮምፒዩተር እየመረመረ፣ የተዛባውን መስመር እያቃና፣ ቤርድ ያላየውን መልክ ሊያይ በቃ። ደግሞም በ1925 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር አንድ የጥበቡ ወዳጅ ከለንደን የተሠራጨውን የቴሌቪዥን ጨዋታ በቤቱ ሆኖ በአሉሚኒየም ሸክላ ቀርጾት ነበርና፣ ያም ከስድሳ ዓመት በኋላ ተገኝቶ የልጃገረዶች ጭፈራ ታየበት። እንግዲህ የሚያነበው መሣሪያ ቢዘገይም፣ የተጠበቀ ነገር አንባቢውን ሊያገኝ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ነገር ግን መሣሪያ የማይመልሰው ጥፋትም አለ። ይህን ለመረዳት ከዲላ ብዙ ሳይርቁ ቱቱ ፈላንና ጨልባ ቱቲቲን መጐብኘት ይበቃል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዓለም ቅርስነት በተመዘገበ ጊዜ እነዚህ የቆሙ ድንጋዮች አብረው ተመዝግበዋል። ከድንጋዮቹ በአንዳንዶቹ ላይ የሰው ፊትና አካል ተቀርጾ ይታያል። ቀራጩ ሥራውን ፈጽሞአል፤ ድንጋዩም ዘመንን ችሎአል፤ ዳሩ ግን ያ ሰው ማን ይባል እንደ ነበር፣ የማንስ አባት እንደ ነበር የሚናገር ጽሕፈት የለበትም። የቤርድ ሸክላ መሣሪያ አጥቶ ነበርና መሣሪያው በጊዜው ተገኘለት፤ ለድንጋዩ ግን ስሙን የሚያውቁት ካለፉ በኋላ ስሙን የሚመልስ መሣሪያ አይሠራለትም።

ዛሬ በዲላም ሆነ በይርጋ ጨፌ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የሠርግ፣ የክርስትናና የተዝካር ሥዕል የያዙ የቪዲዮ ካሴቶች ተቀምጠዋል። በእነርሱም ውስጥ ሽማግሌዎች በጌዴኦ ቋንቋ ሲመርቁ፣ እናቶች ሲዘፍኑ ይገኛል። የካሴቱን ማጫወቻ ይሠራ የነበረው የመጨረሻው ፋብሪካ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራውን አቁሞአል። የደጋው እርጥበትም ካሴቱን ያሻግተዋል።

ስለዚህ የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እንመክራለን። በመጀመሪያ ካሴቱን ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው ያቁሙት እንጂ አይደራርቡት፤ የሻገተውንም ባለሙያ ሳያጸዳው ወደ ማጫወቻ አያግቡት። ሁለተኛ፣ ማጫወቻ በሚገኝበት በዚህ ጊዜ ወደ ኮምፒዩተር አስገልብጠው አንዱን ቅጂ በቤታቸው፣ ሌላውን በዘመድ ቤት ያኑሩ። ሦስተኛውና ከሁሉም የሚበልጠው፣ አረጋውያንን አስቀምጠው ሥዕሉን እያሳዩ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ዝምድናውን፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን በወረቀት ያስጽፉ።

ለመገልበጡ ጥቂት ገንዘብ ያስፈልግ ይሆናል፤ ስምን ለማስጻፍ ግን ወረቀት፣ እርሳስና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። አያቱን በሥዕል አይቶ «ይህ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ መልስ የሚያገኝበት ቤት እንዲበዛ እንመኛለን፤ አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉም ሥራው ነገ ሳይባል እንዲጀመር አደራ እንላለን።