የወንድምህ ገንዘብ፣ የአንተ ሒሳብ

ባለፈው ዒድ በግ የገዛህበት ብር ከማን እጅ እንደ ወጣ ጠይቀህ ታውቃለህን? «አሜሪካ ካለው ወንድሜ» ትል ይሆናል። ከየትኛው? ሌሊት ታክሲ ሲነዳ ከሚያድረው ነው ወይስ ታሞ ቤት ከሚውለው?

ነገሩን ላስረዳ። በአሜሪካ ገቢውና ጥሪቱ አነስተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኛ ኤስ ኤስ አይ የሚባል ወርሃዊ ድጎማ አለ። በ2025 እ.ኤ.አ. ለአንድ ሰው የሚሰጠው የፌዴራሉ ሙሉ ክፍያ በወር 967 ዶላር ነበር። ሰውየው ገንዘቡን ራሱ መያዝ ካልቻለ የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ተቀባይ ይሾምለታል፤ ብዙ ጊዜም ተሿሚው ዘመድ ነው። ከእኛም ወገን ይህን አማና ፈርመው የተረከቡ አሉ። ገንዘቡ በቅድሚያ ለበሽተኛው ምግብ፣ ቤት፣ ልብስና ሕክምና ይውላል፤ የተረፈው በእሱ ስም ይቀመጣል እንጂ ከተቀባዩ ገንዘብ ጋር አይቀላቀልም።

ይህን ስትነግራቸው ምን ይላሉ? «የካፊር መንግሥት ገንዘብ አይደለምን?» ሱብሓነላህ! ገንዘቡ የወንድምህ ሐቅ ነው። ደግሞስ ፈርመህ አልነበረምን? አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ መክፈቻ ምእመናን ውላቸውን እንዲሞሉ ሲያዝ፣ ከሙስሊም ጋር የተዋዋሉትን ብቻ አላለም።

ሌላው ደግሞ «የእናቴን ልጅ ገንዘብ ብይዝ ማን ይጠይቀኛል?» ይላል። በዚህ ዓለም እንኳ የሚጠይቅ አለ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ አብረው የሚኖሩ ወላጆችና የትዳር ጓደኞች ከዓመታዊው የሒሳብ ቅጽ ነፃ ሆነዋል፤ ወንድም ግን አልሆነም። ነፃ የሆኑትም ቢሆኑ መዝገብ መያዝና ሲጠየቁ ማሳየት አለባቸው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ (አል-በቀራ 282) ስለ ዕዳ ጽሑፍ ነው። በዚያ መሃል ቃሉን አስጽፎ መናገር የማይችለው ደካማ አልተረሳም፤ ወሊዩ በፍትሕ እንዲያስጽፍለት ታዟል። እኛ ግን ለሱቅ ዱቤ ደብተር ስንይዝ ለወንድማችን እንተማመናለን እንላለን! አቡ ዘር (ረ.ዐ) ያ ሁሉ ዙህድ እያላቸው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድክመታቸውን አይተው የየቲም ገንዘብ እንዳይረከቡ መክረዋቸዋል። አንተ ከእሳቸው ትበረታለህን?

«የማጥበው፣ የማጎርሰው፣ ሌሊት የምነሳለት እኔ ነኝ» የሚለው ሦስተኛው ነው። በዚህ ሰው ላይ ድምፄን አላሰማም። ድካሙ እውነት ነው፣ አጅሩም አላህ ዘንድ ነው። ሱረቱ-ን-ኒሳእም ድሃ የሆነ የየቲም አሳዳጊ በአግባቡ እንዲበላ፣ የተብቃቃው ግን እንዲታቀብ ይላል። ነገር ግን በዚህ ውል ዘመድ የሆነ ተቀባይ ከድጎማው ደሞዝ አይቆርጥም። የበሽተኛውን የቤት ኪራይና የቀለብ ድርሻ ግን መቁጠር ይችላል፤ ይህ ሐራም አይደለም። በብዙ ግዛቶችም በሜዲኬይድ በኩል ለሚንከባከብ ዘመድ የሚከፈልበት ሌላ መንገድ አለ። እሱን በግልጽ ጠይቅ እንጂ በጓሮ በር አትግባ።

ከሁሉ የከፋው በሽተኛውን ወደ አገር ቤት ሰዶ ገንዘቡን እዚያው መቀበል ነው። ሰውየው ከአሜሪካ ወጥቶ ሠላሳ ቀን ከቆየ ክፍያው ይቆማል፤ መውጣቱንም ማሳወቅ የተቀባዩ ግዴታ ነው። ዝም ብሎ የተቀበለው ዕዳ ሆኖ ይመለሳል።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ቤተሰቦችስ ንጹሐን ናችሁን? «እነ እገሌ ልጃቸው ቤት ሠራላቸው» እያላችሁ የምታስጨንቁት ማንን ነው? የአንዱን ልጃችሁን መድኃኒትና ካፖርት ሽጦ ለሌላው ቆርቆሮ እንዲገዛ የሚገፋው የእናንተ ቃል እንዳይሆን ፍሩ።

አሁንም በሱረቱ-ን-ኒሳእ 5ኛው አንቀጽ፣ ገንዘቡን ማስተዳደር የማይችለውን አብሉት፣ አልብሱት ካለ በኋላ በመልካም ቃል አናግሩት የሚል ትእዛዝ አለ። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስልክ ስትደውሉ ጤነኛውን ብቻ አታናግሩ። ታማሚውንም አቅርቡልን በሉ። በዚህ ወር ምን እንደ ተገዛለት ራሱን ጠይቁት።