አስም የሚታከም በሽታ ስለ መሆኑ

ሰው ያለ እህል ብዙ ቀን፥ ያለ ውሃም ጥቂት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ያለ እስትንፋስ ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ መቆየት አይቻለውም። ስለዚህ እስትንፋስን የሚያውክ በሽታ ሁሉ ሊናቅ የማይገባው ነው። ከነዚህም አንዱ አስም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች በአስም ይሠቃዩ ነበር፤ በዚያው ዓመት 455 ሺህ የሚሆኑት ሞተዋል። ከሟቾቹም የሚበዙት ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ይህም የሆነው በሽታው መድኃኒት ስለሌለው ሳይሆን በሽታው በጊዜ ስለማይታወቅና መድኃኒቱም ለሕመምተኛው ስለማይደርስ ነው።

አስም የመተንፈሻ ቧንቧ በሽታ ነው። ከጕሮሮ ወደ ሳንባ የሚወርደው ቧንቧ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈለና እየቀጠነ ይሄዳል። አስም ባለበት ሰው የነዚህ ቀጫጭን ቧንቧዎች የውስጥ ሽፋን ዘወትር የተቈጣ ነው። የሚያስነሣበትም ነገር ባገኘው ጊዜ ሦስት ነገር ይደርስበታል፤ በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኰማተራል፤ የውስጡ ሽፋን ያብጣል፤ ወፍራም አክታም መንገዱን ይዘጋል። በዚህም ጊዜ ሕመምተኛው አየር ከማስገባቱ ይልቅ ማስወጣቱ ይብስበታል፤ ደረቱ ይጨነቃል፤ ትንፋሹም እንደ ፉጨት ይሰማል፤ በተለይ በሌሊትና በንጋት ያስለዋል። በሽታውም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ስላልሆነ ከሕመምተኛው መሸሽ ወይም ዕቃውን መለየት ከንቱ ነገር ነው።

ስለ በሽታው ምክንያት የሆነ እንደ ሆነ አንዱ ከወላጅ የሚወረስ የሰውነት ጠባይ ነው፤ ሁለተኛውም በዙሪያችን ያለው አየር ነው። ይህንንም ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሻሸመኔ በስተሰሜን ወደ አርሲ ነገሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ኩየራ፥ የአድቬንቲስት ሚሲዮን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ያቆመባት፥ ስንዴና በቆሎ የሚመረትባት ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ቍርና የአውድማው ብናኝ በአንድ ወራት ይገጥማሉ፤ ሁለቱም አስምን የሚቀሰቅሱ ናቸው። በጎረቤትዋም በአርሲ ነገሌ ብዙ ሴቶች አረቄ በማውጣት ይተዳደራሉ፤ ከእንጨት እሳት አጠገብም ረጅም ሰዓት ይቀመጣሉ። ጭስ መውጫ በሌለው ማድቤት ውስጥ እናት የምትስበውን ጭስ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም ይስበዋል። በጅማም የኢትዮጵያና የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች መርምረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት አስም ከገጠር ይልቅ በከተማው ነዋሪዎች ዘንድ በዝቶ አግኝተውታል። ትንባሆ፥ የአቧራ ተባይ፥ የአበባ ብናኝና ጕንፋን ደግሞ ከታወቁት ቀስቃሾች ውስጥ ናቸው።

ሕክምናውም በሁለት ዓይነት መድኃኒት ነው፤ ሁለቱም በአፍ የሚሳቡ ናቸው። አንደኛው እንደ ሳልቡታሞል ያለው ማስታገሻ ሲሆን የተኰማተረውን ጡንቻ በጥቂት ደቂቃ ያፍታታል፤ የቧንቧውን ቍጣ ግን አያበርድም። ሁለተኛው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው መከላከያ ነው፤ ይህ ሕመሙ ባይሰማም በየቀኑ የሚወሰድና ሥሩን የሚያበርድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ላይ ነው። ማስታገሻው ቶሎ ስለሚያሻለው መከላከያውን ይተወዋል፤ ይህም ጣራው የሚያፈስበት ሰው ጣራውን ትቶ ወለሉን ብቻ እንደ መጥረግ ነው። ስለዚህም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ ዓለም አቀፉ የአስም ሕክምና መመሪያ አዋቂዎችና ጐረምሶች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ አሳስቧል። የሚሳበው መድኃኒት ሱስ ይሆናል የሚባለውም ወሬ እውነት አይደለም።

ሕፃናት መድኃኒቱን በቀጥታ መሳብ ስለማይችሉ መካከለኛ ዕቃ ያስፈልጋቸዋል። በኬፕ ታውን የሚገኙ ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. እንዳሳዩት ግማሽ ሊትር የሚይዝ የላስቲክ ጠርሙስ ቂጡ ተበስቶ ቢዘጋጅ በውድ ዋጋ ከሚገዛው ዕቃ ጋራ የተካከለ ጥቅም ይሰጣል። ስለዚህ ድህነት ምክንያት ሊሆነን አይገባም።

ካህናት አባቶቻችን ሆይ፥ በዚህ ነገር የእናንተ ቃል ከሐኪም ቃል ይልቅ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ወደ ጠበል የሚሄድ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ጥሎ እንዳይሄድ ምከሩት። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ ቢወስዱ ተቃራኒ እንዳልሆነ መግለጻቸው ይታወሳል፤ ያው ምክር ለአስም ሕመምተኛም ይስማማዋል። ጭስ ሁሉ ቧንቧውን ስለሚያስቈጣው የዕጣን ጢስ የሚያስጨንቀው ምእመን ከበሩ አጠገብ ነፋሻ ስፍራ ቢቆም እንደ ንቀት አይቈጠርበት።

የመንግሥት ሹማምንትም የሚጠበቅባችሁ ሥራ ግልጥ ነው። በየጤና ጣቢያው ማስታገሻው ብቻ ሳይሆን መከላከያውም ሳይቋረጥ እንዲገኝ፥ ባለሙያውም አሳሳቡን ለሕመምተኛው በእጁ እያስያዘ እንዲያስተምረው፥ የተሻሻለ ምድጃና ጭስ መውጫ ያለው ማድቤት ወደ ገጠሩ እንዲደርስ ማድረግ ነው። የአንድ ወር መድኃኒት ዋጋ በሌሊት ተሸክሞ ወደ ሆስፒታል ከመሮጥና ሥራ ፈትቶ ከመተኛት ኪሣራ ጋራ ሲመዛዘን ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ አስተዋይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሕመሙ የተነሣበት ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ልብሱ ይላላለት፤ ማስታገሻውንም ይሳብ። ንግግሩን መጨረስ ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቈረ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ። የታወቀና መድኃኒቱ የተገኘለት በሽታ ሰው ሲገድል ዝም ብሎ ማየት ግን የማናችንም ድርሻ ሊሆን አይገባም።