አማትህን በፕላስቲክ አትጣ!
«የፍቅረኛዬ አባት በግ አርቢ ናቸው። እርሻቸው ላይ የሸክላ ኢላማ እንድንተኩስ ጋበዙኝና ‹የፋይበር ውታፍ ያለው ጥይት ብቻ ይዘህ ና› አሉኝ። ጓደኞቼ ግን ፕላስቲኩ ይሻላል ይላሉ። ብስትስ?» ሲል አንድ አንባቢ ከእንግሊዝ ጽፎልኛል።

ወንድሜ፣ ጓደኞችህ አልዋሹህም። ውታፍ ባሩዱንና የእርሳስ ፍሬዎቹን የሚለየው ነው። ፕላስቲኩ ፍሬዎቹን እንደ ኩባያ አቅፎ ስለሚያወጣቸው ብዙ ጊዜ ሰብሰብ ብለው ይሄዳሉ። በቅርብ ርቀት ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ፋይበሩ ዝናብ ሲመታው ይበሰብሳል፤ ፕላስቲኩ ሳር ውስጥ ለዓመታት ይቀራል፣ በግም ሊበላው ይችላል። ፍሬው ከእርሳስ ሳይሆን ከብረት ከተሠራ ግን አፈሙዙን እንዳይፍቅ መከላከያ ኩባያ የግድ ነውና ሻጩን ጠይቅ።

እኔ ብሆን ፋይበሩን እይዛለሁ። ኢላማ ብትስት ቢበዛ ይሳቅብሃል፤ በግ ቢሞትባቸው ግን ልጅቷንም እንዳታጣ!