መቶ ኪሎ በስንት ጊዜ?

በጀርባ ተጋድሞ ብረት መግፋት፣ ቤንች ፕሬስ የሚሉትን፣ የጀመረ ወጣት ሁሉ 100 ኪሎን ያልማል። በእኔ እምነት ብዙ ጤናማ ወንዶች ይደርሱበታል፤ ግን በወራት ሳይሆን በዓመታት ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው መጀመሪያ የራሱን ክብደት መግፋት በቂ ግብ ነው። ሲሚንቶ በጣሳ ሞልተው የሠሩትን ብረት ደግሞ ሚዛን ላይ ያውጡት፤ በግምት አይጨመርም።

ጡንቻ የሚያድገው በእረፍት ነው። ደረትን በሳምንት ሁለት ቀን ማሠራት ይበቃል። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ ሰዓቱ ማለዳ ይሁን፤ ውኃም አይለይዎት።

ውድ የፕሮቲን ዱቄት ከአዲስ አበባ ማስመጣት አያስፈልግም። ቀወት የማሾ አገር ነው። 100 ግራም ደረቅ ማሾ 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ከማሽላ እንጀራ ጋር ሲበላ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ማሾውን ለገበያ ብቻ አውጥቶ ዱቄት መግዛት ያስቆጫል።

የሚያሰጋኝ ችኮላው ነው። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚወሰድ የጡንቻ ማሳደጊያ ሆርሞን ልብንና ጉበትን ይጎዳል፤ መካንነትም ሊያስከትል ይችላል። ከባድ ብረት ብቻዎን አይግፉ፤ አንገትዎ ላይ ቢወድቅ የሚያነሳልዎት ሰው ራስጌዎ ይቁም። ደረትዎን ከጨነቀዎት ወይም ካዞረዎት ወዲያው አቁመው ጤና ጣቢያ ይሂዱ።